የተማሪዎች ጸጥታ ሁኔታ

ሰኞ

ሚስቴ «የሚያንገበግብህን ሁሉ እኔ ላይ ከምታራግፈው ደብተር ግዛና እዚያ ላይ አራግፈው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቆማ የሰው ወሬ ስትሰማ የምትውል ሴት፣ ማታ ደግሞ የባሏን ንትርክ መስማት አለባት ወይ? እውነቷን ነው። ገዛሁ። ይኸው ማራገፍ ጀመርኩ።

ዛሬ የሚያንገበግበኝ የልጄ ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጥተው አይተውት ኖሮ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። «ከደረጃ በታች» ይላል። እኔ ደግሞ ልጄን እዚያ ለማስገባት ያልጠናሁት ደጅ፣ ያልለመንኩት ሰው የለም። ከተለጠፈው መሀል አንድ መስመር ተሰምሮበታል፤ «የተማሪዎች ጸጥታ ሁኔታ እጅግ አሳሳቢ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ወላጆች ተኮልኩለን ስናነብ አንዲት እናት «ልጆቻችንን እዚሁ ሊያስጨርሱብን ነው» ብላ ራሷን ያዘች። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ፤ ሥራ ፈት ጎረምሶች ሲያጨሱ ይውሉበታል። አጥሩ ደግሞ እንኳን ሰው ፍየል አያቆምም። እኔ በያጅ ነኝ፣ አጥር አይቼ አውቃለሁ። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አጥሩን ዞሬ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ

እራት ላይ አነሳነው። ምነው ባላነሳነው ኖሮ፤ ተጣላንበት።

ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የምንላት። ድሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የቀኑን ዜና የምትጀምረው፤ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የሒሳብ አስተማሪው ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ እንዴት መጣ፣ ማን ፈተና ላይ ሲያዛጋ ተያዘ። «አንዴ ተንፍሺ እንጂ» እላት ነበር። ዘንድሮ አዲስ ርዕሰ መምህር ከመጣ ወዲህ ዜናው አጥሯል። ዕድሜዋ ነው። ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ትረጋጋለች ይባላል።

ሚስቴ ከመሬት ተነስታ «ጸጥታ ማለት ዝምታም እኮ ነው» አለች። «ልጆቹ ከመጠን በላይ ዝም ብለዋል፣ ያ ነው ያሳሰበን ማለታቸው ቢሆንስ?»

ሳቄ መጣና ሾርባው ትን አለኝ። ልጅ ዝም አለ ብሎ የሚጨነቅ ተቆጣጣሪ የት ነው ያለው? ልጅ ዝም ካለ ሰው እንኳን ሊጨነቅ ደስ ይለዋል። ጸጥታ ሲባል ዘበኛ ነው፣ በር ነው፣ ቁልፍ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። እሷ ግን «እስቲ ልጅህን እያት» አለችኝ። አየኋት። ዳቦዋን በጣቷ እየፈረፈረች አንገቷን ደፍታለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስላት «ምንም» አለች። «ይኸው፣ ምንም የለም አለች» ብዬ ጉዳዩን ዘጋሁት።

የሚስቴ ሐሳብ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት እናዛውራት ነው። እዚያ እኮ በመንገድ ሳልፍ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ገበያ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። መስኮቱ የተሰበረ፣ ግድግዳው የተፈቀፈቀ። ልጄን ከደህና ቤት አውጥቼ ገበያ ውስጥ ልወርውራት? አላደርገውም።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ችኮላ ላይ ነኝ። ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ። የምናገረው ነገር አለኝ ብዬ ለሰብሳቢው ነግሬዋለሁ። ሚስቴ ዛሬም ፊቷን እንዳጠቆረች ሄደች።

ዓርብ ማታ

ስብሰባው ያማረ ነበር። ሰብሳቢያችን የመጻሕፍት መደብር ያለው ሰውዬ ነው፤ ንግግር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ተቃራኒው። ድምፁ ከመቅለሉ የተነሳ እሱን ለመስማት አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን መዋጥ አለበት። ወላጆች እሱ በሌለበት «ጸጥ ረጭ» ይሉታል። አሁን እሱ ተነስቶ «ሪፖርቱን ተቀብለነዋል፣ ወላጆች የመሰላችሁን ተናገሩ» ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

ሁሉም ስለ ጎረምሶቹ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ሌባ አወራ። እኔ ተነሳሁና «ጸጥታ ማለት አጥር ነው። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው» አልኩ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። እዚያው ኮሚቴ ተመረጠ፣ አጥሩ ከፍ እንዲል፣ ትልቅ የብረት በር እንዲገጠም ተወሰነ፤ ሥራው ለኔ ተሰጠ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ ነበር። እንግዲህ ሪፖርቱን የጻፉለት ለሱ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ብናወራ ያርመን ነበር።

ሚስቴ አላጨበጨበችም። ስንወጣ «ልጅህን እዚያ ለማቆየት አሁን ምክንያት አገኘህ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ስለ ሥራው አይደለም። ሥራው ባይሰጠኝም ሐሳቤ ያው ነበር።

ረቡዕ

አጥሩን ጀምሬያለሁ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም። የብረት መቁረጫ ግራይንደሬን ሳስነሳ የሚጮኸውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ መንደር ይቀሰቅሳል። መስኮት ሥር የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። እኔ በነሱ ዕድሜ ብሆን ኖሮ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ዕረፍት ሲደወል ወጡ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተራመዱና ተመልሰው ገቡ። ኳስ የለ፣ ግፊያ የለ። ሥርዓት ይሉሃል ይህ ነው። ይህን አይቶ «ከደረጃ በታች» የሚል ሰው ዓይን የለውም።

ሬዲዮ በአጠገቤ አለፈች። «አንቺ ልጅ» ብዬ ጠራኋት። አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነች። የሥራ ልብስ ለብሼ ፊቴ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ ስታየኝ አፍራብኝ ይሆናል። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ መቼም ዕድሜዋ ነው።

ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ ወደ ቢሮው ጠራኝ። አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችውን የጠመኔ ማስቀመጫ ክፍል አጽድተዋታል፤ በር ይፈልጋሉ። ጠባብ ናት፣ ከጣራው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለቻት። «የጥሞና ክፍል ናት» አለኝ በዚያ ቀላል ድምፁ። በሩ ሙሉ ላሜራ ይሁን፣ መቀርቀሪያው ከውጭ ይሁን፣ ማጠፊያው በደንብ ዘይት ይጠጣ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ እንዳይኖረው።

«ከውስጥስ እጀታው ምን ዓይነት ይሁን?» አልኩት።

«ከውስጥ አያስፈልግም» አለኝ።

መቼም ዕቃ እንዳይሰረቅ ይሆናል። መጽሐፍ ያስቀምጡበት ይሆናል። ልጠይቀው ነበር፣ ጥያቄዬ ግን አፌ ላይ ቀረ፤ እሱ ፊት ሲቀመጡ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ ያፍራል። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? በር በር ነው።

ቅዳሜ

በሩን ገጠምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ በር አልሠራሁም። በአንድ ጣት ይገፋል። መቀርቀሪያው ሲገባ አይሰማም፤ ተገጠመ ወይስ አልተገጠመም ብሎ በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዋናው በር ጥቁር ስለሆነ ይህን አረንጓዴ ቀባሁት። ለዓይን ደስ ይላል ብዬ ነው።

ልሞክረው ብዬ ገብቼ ዘጋሁት። ወዲያው ወጣሁ። በር ለመሞከር ያን ያህል መቆየት አያስፈልግም።

ማክሰኞ

እዚህ ቤት አዲስ ጠባይ መጥቷል። ልጅቷ በር አትዘጋም። የመኝታ ክፍሏ ወለል ብሎ ነው የሚያድረው። መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ ገርበብ አድርጋ ነው። ትናንት ቆጣ ብዬ «የበር ሠሪ ልጅ ሆነሽ በር መዝጋት ተሳነሽ?» አልኳት፤ ለመቀለድ ነበር። እሺ አለችና ዘጋችው። ከዚያ ስሰማ ቀስ ብላ መልሳ ከፈተችው። መብራቷንም አታጠፋም።

እናቷ ገብታ አጠገቧ ተኛች። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ነበር፣ የእናትየዋ ማለቴ ነው። «ምን አለችሽ?» ብላት «ምንም አላለችኝም፣ ያ ነው እኮ» አለችኝ።

ዓርብ

ሬዲዮ በዚህ ሳምንት አምሽታ ስትመጣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። «ጥናት ነበረኝ» ትላለች። ጎበዝ አልኳት። እራት ስትበላ ጥፍሯን አየሁት፤ ሥሩ አረንጓዴ ነገር ገብቶበታል፣ አንዱ ጥፍሯ ተሰንጥቋል። ቀለም ነው። እኔ ቀለም ሳየው አውቃለሁ።

ዋናውን በር ተደግፋ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዋናው በር ግን ጥቁር ነው። የሥዕል ትምህርት ይኖራት ይሆናል። እናቷ በሳሙና ስታጥብላት ሬዲዮ እጇን እንደ ሕፃን ሰጥታት ዝም ብላ ቆመች።

ስለ ቀለሙ አልጠየቅኳትም። ነገ እጠይቃታለሁ።

ሰኞ

ሚስቴ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። ፀጉር ቤቷ አዲስ ደንበኛ መጥታ ኖሮ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው እየጮኸ እንደሚያወራ አያውቅም፤ ሚስቴ የመንደሩን ምስጢር ሁሉ የምታውቀው በዚህ ነው። ሴትዮዋ ተቆጣጣሪዋ ራሷ ናት። እየሳቀች፣ ግን የደስታ ሳቅ ሳይሆን፣ «እኛ ልጆቹ አፋቸው ተዘግቷል፣ ጥያቄ እንኳ ስንጠይቃቸው አስተማሪውን አይተው ነው የሚመልሱት ብለን ጻፍን፤ እነሱ አጥር ገነቡ» አለች አሉ። ደግሞም ከተቆጣጣሪነቷ አንስተዋት፣ ቢሮው ሌላ ክፍል ወስዷታል።

ክው ብዬ ቀረሁ። ቀጥዬ ያደረግኩት ግን ሌላ ነው፤ ተቆጣሁ። «ካስክ ውስጥ የተወራ ወሬ ይዘሽ ልጄን ከትምህርት ልታፈናቅይ ነው?» አልኳት። ታዲያ ቢሮው እንዲህ ማለቱ ከሆነ ለምን በግልጽ አይጽፍም? ዝምታ ከሆነ ዝምታ አይልም? ጸጥታ ብሎ ጽፎ ሰው አጥር ቢሠራ ጥፋቱ የማን ነው?

ሚስቴ አልተከራከረችኝም። «ስለ ሥራው ነው አይደል?» አለችኝ ብቻ። ስለ ሥራው አይደለም። አጥሩ እኮ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሊያልቅ ምንም ያልቀረውን ሥራ ጥዬ ልጄን ባወጣ ሰው ምን ይለኛል?

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ርዕሰ መምህሩን በገዛ እግሬ ሄጄ አነጋገርኩት። ስለ ሪፖርቱ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። ሻይ አስመጣልኝ። «ልጅዎ በጣም ተሻሽላለች» አለኝ። «እኔ ስመጣ ወሬኛ ነበረች፤ አሁን ምሳሌ የምናደርጋት ልጅ ሆናለች።» ምን ልዋሽ፣ ደረቴ ነፋ አለ። አመስግኜው ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው ምንም እንዳልጠየቅኩት ትዝ ያለኝ።

ሐሙስ

ዝናብ። ሥራ የለም። ከሚስቴ ጋር ተስማምተናል፤ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ትቆይ፣ ከዚያ እናያለን። ተስማማን ነው የምለው እንጂ እሷ እጇን ሰጥታ ነው። ሬዲዮን «እስከ መንፈቀ ዓመቱ ብቻ ነው፣ እሺ?» አልኳት። «እሺ» አለች። አሁን አሁን ከአፏ የሚወጣው ይህ ቃል ብቻ ነው። ቀልቤ አልወደደውም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ትናንት መሸ፣ ልጅቷ አልመጣችም። ጥናት ላይ ናት ብለን ጠበቅን። ጨለመ፣ ዝናቡ ባሰበት። ሚስቴ ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን ወጣች፣ እኔ ተከተልኳት። ትምህርት ቤቱ ጨለማ ነበር። በሩን ደበደብን። ዘበኛው በትንሿ መስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ሁሉም ወጥቷል፤ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ደግሞ አይከፈትም» አለን። ብገፋው አይነቃነቅም። እኔው ነኝ የሠራሁት፣ ሰው ገፍቶ እንዳይከፍተው አድርጌ። ሚስቴ መጮኽ ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት እንዲህ ያለ ጩኸት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ጎረቤት መብራት ማብራት ሲጀምር ዘበኛው ፈርቶ ከፈተልን።

ሚስቴ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሮጠች። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ወደ ቤተ ሙከራው ጀርባ ሄድኩ። ማንም አልነገረኝም። እግሬ ያውቅ ነበር። እግሬ ካወቀ እኔ አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ?

መቀርቀሪያው ተገጥሟል። ጆሮዬን ላሜራው ላይ አድርጌ ሰማሁ፤ ምንም የለም። እፎይ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳልፈልግ ሳብኩት፤ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ልጄ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ቆማ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ። የስልኬን መብራት ሳበራባት እንኳ አላወረደችውም።

ኋላ እንደሰማነው የጥሞና ክፍሏ ኃላፊ አስተማሪ አሞት ከቀትር በኋላ ወደ ቤቱ ሄዷል። ረስቷታል። እንዲህ ነው የሆነው።

ኮቴን አለበስኳት። «ለምን አላንኳኳሽም? ለምን አልጮኽሽም?» አልኳት። ተቆጣሁ እንጂ አላቀፍኳትም መጀመሪያ፤ ይኸ ይቆጨኛል።

«ያንኳኳ ከሀ ይጀምራል አባዬ» አለችኝ በሹክሹክታ። ያንኳኳ፣ ያለቀሰ፣ የተናገረ ልጅ የቆየው ሁሉ ይሰረዝበትና እንደገና ከመጀመሪያው ይቆያል። ሕጉ ነው። ሁሉም ልጅ ያውቀዋል።

«ምን አጥፍተሽ ነው ያስገቡሽ?»

«ሳቄ አመለጠኝ።»

ሰኞ

ቤት ነው የዋለችው። እናቷም ፀጉር ቤቷን ዘግታ አብራት ዋለች።

እኔ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፍ እየደረደረ ሰማኝ። ይደነግጣል ብዬ ነበር። «የኔም ልጅ ገብቶ ያውቃል» አለኝ። «ሰው ሆኖ ነው የወጣው። አሁን ቤት ውስጥ ድምፁን አንሰማም።» ይህን ሲለኝ ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። እኔም ባለፈው ረቡዕ ሻይ ስጠጣ እንዲህ ያለ ፊት ነበረኝ።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ። ቢሮው ልገባ ስል ዛሬስ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ተናገርኩም። ልጄን ቆልፈህ ዘንግተሃታል፣ ሰው አይደለህም አልኩት፣ አንተ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ይቅርታ ጠየቀ፣ አስተማሪው መታመሙ ያልታሰበ ነገር ነው፣ ሁለተኛ አይደገምም አለ። ከዚያ በዚያው ድምፁ፣

«ግን እርስዎ በሩን ሲሠሩ ለምን መስሎዎት ነበር?» አለኝ።

ዕቃ እንዳይሰረቅ ልለው አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ

በሩን ልነቅለው መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው አላስገባኝም። «ጋሼ ይቅርታ፣ ስምዎ ከማይገቡት መሀል ነው» አለኝ። ቆሜ አየሁት ያን በር፣ የራሴን። ውስጥ ልጆች አሉ፣ አንድም ድምፅ አይሰማም። ለሌሎች ወላጆች ልንገር ብዬ ለመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ጠበቅኩ። አንዳንዱ ሰምቶ ፈጠን ብሎ ሄደ። አንዲት እናት «አጥሩን አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?» ብላ ልጇን በእጇ ይዛ አለፈች።

ለቢሮው አቤት ብያለሁ። ይታያል አሉኝ።

ዓርብ

ታየ። አዲስ ተቆጣጣሪ መጥቶ ኖሯል። አዲሱ ውጤት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እኔ በሠራሁት በር ላይ። ከደረጃ በላይ። «የተማሪዎች ጸጥታ ሁኔታ በእጅጉ ተሻሽሏል፤ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አርአያ ሊሆን ይችላል።» ይህን ሲጽፍ የትኛውን ጸጥታ ማለቱ እንደሆነ አሁን የሚያጣራ ሰው የለም። ወላጆች ፎቶ ያነሱት ነበር።

ለሚስቴ ነገርኳት። «ሰኞ ከድልድዩ ማዶ እንወስዳታለን» አለች። እሺ አልኩ። ገበያ ይሁን፣ የፈለገው ይሁን።

ሰኞ ማታ

ሦስታችንም ሄድን። በሩ ክፍት ነው፣ አንደኛው ክንፉ ከማጠፊያው ወልቋል። ግቢው ይጮኻል። ገና ከመግባታችን ኳስ ጀርባዬን መታው፤ ልጆች ይቅርታ እያሉ፣ እየሳቁ ከበቡኝ። ሳቁ እንዲህ አጠገቤ ሲመጣ እንባዬ መጣ፣ በጥፊ የተመታሁ መስሎ እስኪታየኝ አፈርኩ። ሬዲዮ እጄን ያዘችኝ። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያዋ ነው።

ርዕሰ መምህሯ ደግ ሴት ናት፤ በጩኸት ላይ ስትጮኽ የኖረች ስለሆነች ድምፅዋ ሰልሏል። ልጄን «የምትወጂው ትምህርት ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት። ልጄ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። «ታሪክ» አለች። ሚስቴ ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁ። ሁሉም ደህና ነበር።

ሴትዮዋ መመዝገቢያዋን ስትሞላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። በያጅ ነኝ አልኳት። ቀና አለች። የዚያኛውን ትምህርት ቤት በር የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ። ፊቷ በራ። «ፈልገን ያጣነውን ሰው እግዜር ላከልን» አለች። እነሱም በዚሁ ጩኸት የተነሳ ከደረጃ በታች ተብለዋል፤ ቢሮው ከዚያ ትምህርት ቤት ልምድ ቅሰሙ ብሎ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። አጥሩ ለከርሞም ይደርሳል፤ ለጊዜው አንዲት የጥሞና ክፍል ብቻ። ምን እንደሆነች በደንብ አልገባትም፣ ግን ተብሏል። የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥባትን ክፍል በመስኮቱ በኩል አሳየችን። «በር ብቻ ነው የሚያስፈልጋት፤ መቼም እርስዎ ሥራውን ያውቁታል» አለች።

ሚስቴ ወደኔ ዞረች። ያን ጊዜ ልጄ እጇን አወጣች። ቢሮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «ምነው የኔ ልጅ?» አለቻት።

ልጄ ተነሳች።

«አባዬ እንደዚያ ያለ በር አይሠራም» አለች።

ሚስቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሴትዮዋ ቃሉን ከኔ ለመስማት አየችኝ። ልጄም አየችኝ።

እኔ በመስኮቱ እያየሁ ነበር። ጉበኑን በዓይኔ ለክቼ ጨርሼ፣ መቀርቀሪያው በየት በኩል እንደሚሻል እያሰብኩ ነበር። ልሠራው ብዬ አይደለም። እምላለሁ፣ ልሠራው ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። «አዎ፣ አይሠራም» አልኩ ወዲያው። ልጄ ግን ወዴት እያየሁ እንደነበር አይታለች።